ፊቷን ያዞረችው ጅግራ

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ ደግሞ ቂም ይዤ የሙሽራ አልጋ ሠርቻለሁ። ያውም ለከለከሉኝ ልጅ፣ ያውም ከሌላ ሰው ጋር የምትተኛበትን! እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ነጌሌ ቦረና። አባቴ ከመንዝ የመጣ ወታደር ነበር፣ እኔን የወለደኝም እዚያው ጦር ሰፈሩ ጥግ ነው። እሱ ሲሞት እኔ ውትድርናውን አልፈለግሁም፤ አናጢነት ያዝኩ። ከጦር ሰፈሩ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ትልቅ ግራር አጠገብ የቆርቆሮ ዳስ ቀለስኩና እዚያ እሠራ ነበር። እጄ ጥሩ ነው። ለመኩራራት አይደለም፣ የሚጠሉኝም ሰዎች ይሉታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አልጨርስም። ዳሴ ውስጥ ክዳን የሌለው ሣጥን አለ። መደገፊያ የሌለው ወንበር አለ። አንድ ክንፉ ብቻ ያማረ የቁም ሣጥን አለ። ሰዉ ስሜን ትቶ «ጅምሩ» ነው የሚለኝ። «ጅምሩ እንደምን አደርክ?» ይሉኛል በማለዳ፣ ያውም ክፋት ሳይኖራቸው። ሰነፍ ነው ይሉኝ ነበር፤ ስንፍና አልነበረም። ያላለቀ ዕቃ ማን ነቀፋ ያወጣለታል? «ይኼ ነገር ዘመም አላለም?» ሲሉኝ «ገና ነው!» እላለሁ፣ አለቀ። የተጨረሰ ዕቃ ግን ራቁቱን ገበያ የወጣ ሰው ማለት ነው፤ ያገኘው ሁሉ ያየዋል፣ ያገኘው ሁሉ ይናገረዋል። እኔ ደግሞ አንድ ክፉ ቃል ከሰማሁ ሳምንት እንቅልፍ የለኝም፤ ስንት ዕቃ በእርግጫ ሰብሬ ማገዶ አድርጌአለሁ።

ጥሩወርቅ የጡረተኛው የሃምሳ አለቃ ይርዳው ልጅ ነበረች። ውሃ ልትቀዳ በዳሴ ፊት ስታልፍ ቆም ብላ ታወራኛለች፣ በሥራዬም ትስቃለች። አንድ ቀን በርጩማ እንድሠራላት አዘዘችኝ። እኔ ሞኙ «ይኼማ በአገሩ ያልታየ በርጩማ መሆን አለበት» ብዬ መቀመጫውን ስፈለፍል፣ ስስል፣ ስደመስስ ዓመቱ አለቀ። ሁለት እግር ተከልኩለት፤ ሦስተኛው ቀረ። በዚያው ዓመት ግን ሌላም ነገር ጀምሬ ነበር። ከዳሴ ጣራ ሥር፣ ወጋግራው ላይ፣ ለብዙ ጊዜ ሳደርቀው የኖርኩት ዋንዛ ነበረኝ። ከእሱ ላይ አንድ ሰፊ ሳንቃ አውርጄ ለራሴ ሠርግ የአልጋ ራስጌ መፈልፈል ያዝኩ። ሁለት ጅግራዎች ፊት ለፊት ሲተያዩ። አንዷን ጨረስኳት። ጥሩወርቅ ቆላ ወርዳ ጅግራ ስታይ እንደ ሕፃን እንደምትሮጥ ስለማውቅ ነው።

ኅዳር ላይ ሽማግሌ ላክሁ። የሄዱት ሲመለሱ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ። «ተወው ልጄ፣ እግዜር የተሻለ ያመጣል» አሉኝ። «ምን አሉ? ንገሩኝ!» ብዬ ያዝኳቸው። አልለቅ ስላቸው አንደኛው ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ።

«‹ልጄ በርጩማ ብታዘው ዓመት ሙሉ በሁለት እግር አቆመላት፤ ትዳር ብሰጠው በስንት እግር ሊያቆምላት ነው?› አሉ። ‹ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል› አሉ።»

ይኼ ቃል እዚያው ቢቀር ምን ነበረበት! በማግስቱ ገበያው ውስጥ ነበር። ጠጅ ቤት ገና ስገባ አንዱ «በስንት እግር መጣህ?» አለኝ፣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ቀን ጠጄን ሳልጠጣ ወጣሁና በአባቴ አጥንት ማልኩ፤ ይኼን ሃምሳ አለቃ በአደባባይ አንገቱን ሳላስደፋው አልሞትም አልኩ።

እንግዲህ ስሙኝ። ጥር በገባ አንድ ጠዋት ትልቅ የጭነት መኪና ዳሴ በር ላይ ቆመ። ከፈለኝ የሚባል ሹፌር ነው፤ ከሻሸመኔ እስከ ዶሎ የሚመላለስ፣ መኪናው የራሱ የሆነ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው። ከጎኑ ማን ወረደ? ሃምሳ አለቃ ይርዳው! የድሮ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው።

«ሙላቱ ማለት አንተ ነህ?» አለኝ ከፈለኝ። «ከጾሙ በፊት ላገባ ነው። አልጋ እፈልጋለሁ፣ የተፈለፈለ፣ ሰው የሚያወራለት። ከሻሸመኔ ባመጣ መንገዱ ያፋጨዋል። እዚህ አገር ካንተ ሌላ እጅ የለም አሉኝ።»

«ማንን ነው የምታገባው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«የሃምሳ አለቃን ልጅ ነዋ!»

ምስኪኑ ምንም አያውቅም። ሁልጊዜ መንገድ ላይ የሚኖር ሰው የከተማ ወሬ አይደርሰውም። ሃምሳ አለቃ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ዳሴን ይቃኛሉ። ክዳን የሌለውን ሣጥን አዩ። ወንበሩን አዩ። በርጩማዋ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ፈገግ አሉ።

«እኔ ነግሬዋለሁ፣ ይኼ ሰው አይጨርስም ብዬ። አልሰማ አለኝ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአየሩ።

ከፈለኝ ሳቀና ወደ መኪናው ጎተተኝ። «ና እንጨቱን እይ! ከክብረ መንግሥት ጫካ ነው ያመጣሁት። ዝግባ! ትናንት የተሰነጠቀ፣ ገና ውሃው ያልወጣ፣ ትኩስ!»

ልክ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው የሚያወራው። እጄን ሳሳርፍበት ሳንቃው ቀዘቀዘኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ካላወቃችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ክብረ መንግሥት ጉምና ዝናብ ነው። ነጌሌ በጥር ደግሞ ከንፈር ይሰነጥቃል። ከዚያ የመጣ እርጥብ እንጨት እዚህ ወዲያው ከተሠራ በሠርጉ ቀን ሙሽራ ይመስላል፤ ሁለት ወር ሲሞላው መጋጠሚያው ይላቀቃል፣ ሳንቃው ቋ! ቋ! እያለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የነጌሌ አናጢ ሁሉ እንጨቱን ወጋግራ ላይ ሰቅሎ ዓመትም ከዚያ በላይም ያቆየዋል። ከፈለኝ ደጋውንም ቆላውንም በአንድ ቀን እየነዳ የሚያልፍ ሰው ነው፣ ይኼን አያውቅም። የሚያቻኩለውም ሠርግ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል!

ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ «ምን ያፈጣል? ከቻለ ይሥራ፣ ካልቻለ በሁለት እግር የሚቆም አልጋ አንፈልግም!» አሉ።

አፌን ዘጋሁት። «እሠራለሁ። በዚሁ በእንጨታችሁ እሠራለሁ» አልኩ። እንጨቱን ያመጣው እሱ፣ ያቻኮለው እሱ፣ ሲፈርስ ማን እኔን ይጠይቃል?

ግራሩ ሥር ወተት የምትሸጥ አዴ ሎኮ የምትባል የቦረና ሴት ነበረች። ጎርፋዋን፣ ያንን የተጠለፈ የወተት ዕቃዋን አጠገቧ አድርጋ ሁሉንም ሰምታለች። መኪናው እንደሄደ ተነስታ መጣች፣ ዝግባውን በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

«ያ ሙላቱ፣ ይኼ እኮ እርጥብ ነው።»

«አውቃለሁ አዴ።»

«ይሰበራል እኮ!»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

ዐይኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። «ሃ ጨቡ! ይሰበር! እኚያ ሽማግሌ የኔን ወተት ‹ውሃ ነው› እያሉ ገበያተኛ ያባርሩብኛል። ሙሽራው ከላይ፣ አልጋው ከታች፣ ዱብ!» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ተማማልን ማለት ነው። እኔ እሠራለሁ፣ እሷ ከግራሩ ሥር ሆና «ሃ ጨቡ!» ትላለች። እርጥብ እንጨት ሲሠሩት ደስ ይላል፣ መሮው እንደ ቅቤ ይገባል። ዘፈንኩ እኮ! መጋጠሚያውን አሳምሬ ነው የሠራሁት፣ ወንዴው ሴቴው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ይገባል፣ ሲደርቅ ግን እንደሚወልቅ አውቃለሁ። እየላግሁ የማየው ያንን ቀን ነበር። ሌሊት ቋ! ሲል፣ ጎረቤት ሲሰማ፣ ሃምሳ አለቃ በካፖርታቸው ሲሮጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ተደስቼ ሠርቼ አላውቅም።

ሥራው ሲጋመስ ጥሩወርቅ መጣች። እንስራዋን አወረደችና ዳሱ በር ላይ ቆመች።

«ሙላቱ፣ ከከበደህ ተወው። ለከፈለኝ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ምን ይከብደኛል?»

«እኔ እንጃ። ሰው ነህ ብዬ ነው።»

«አባትሽ ሰው አይደለም ብለዋላ! ሁለት እግር ያለው በርጩማ ነው ብለዋል!» ጮኼባት ነበር። አዴ ሎኮ እንኳ ቀና አለች።

ጥሩወርቅ አልጮኸችም። በርጩማዋ የተቀመጠችበትን ጥግ አየችና «አባዬ እኮ ውሸት አልተናገረም፣ ሙላቱ። ጠብቄህ ነበር» አለች። እንስራዋን አዝላ ሄደች።

ያቺ ቃል! የአባቷ ስድብ ከፊት ነበር የመታኝ፣ ይቺ ግን አንጀቴ ገባች። ቀኑን ሙሉ መጋዝ አልያዝኩም። ከዚያ ንዴቱ በእጥፍ መጣ። «እንግዲያው አንቺም አብረሽ ውደቂ!» አልኩ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ሁለት ጡረተኛ ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። አልጋው ቆሟል፣ የቀረው ራስጌው ነው። ጓደኞቻቸው «ኧረ ይኼ ልጅ ሠርቶታል እኮ!» አሉ። እሳቸው ግን በከዘራቸው ቋሚውን ኳ ኳ አደረጉና ምን አሉ መሰላችሁ?

«ቢጨርሰውም አይጸናም። የዚህ ልጅ እጅ የነካው ነገር ግማሽ ነው። እናንተን ምስክር አድርጌ እናገራለሁ፣ ፋሲካ ሳይደርስ ይፈርሳል። ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ ‹አላልኳችሁም?› እላለሁ።»

ሳቁና ሄዱ። እኔ መሮዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ፋሲካ ሳይደርስ ይፈርሳል! እውነታቸውን ነው፣ ይፈርሳል! እኔ ራሴ በገዛ እጄ ቃላቸውን ልፈጽምላቸው ነው! ማን ነው እንጨቱ እርጥብ ነበር የሚለው? ከፈለኝ አያውቅም፣ ሰፈሩ አያውቅም፣ አውቄ ሠራሁት ብዬ እኔ አልናገር። ሰው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ሃምሳ አለቃ ብለው ነበር።» ሽማግሌውን ነቢይ ላደርጋቸው ነው፣ ያውም በነጻ! እኔ ለራሴ የበቀል ወጥመድ ስቀምር እሳቸው ተመቻችተው ሊቀመጡበት!

«በፍጹም!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ይቺን ‹አላልኳችሁም?› በፍጹም አያገኟትም!»

ቀና ስል ወጋግራው ላይ ዋንዛዬን አየሁት። ለራሴ ሠርግ ያደረቅሁትን። ከጎኑ አንዲት ጅግራ ያለችበት ራስጌ ተጋድሟል፣ አቧራ ለብሶ። ሠርጌ እንደሆነ ቀርቷል። ለማን ነው የማስቀምጠው? መሰላሉን አቆምኩና ወጣሁ።

የዝግባውን አልጋ መነቃቀል ስጀምር አዴ ሎኮ ጎርፋዋን ትታ ሮጠች። «ያ ጅምሩ! ማል ጎታ? ምን ታደርጋለህ? ደግሞ ጀመረህ? ደግሞ ልትሰብር ነው?»

«በደረቅ እንጨት ልሠራው ነው፣ አዴ። እንዲጸና።»

«እንዲጸና?! ያ ዋቃ፣ አምላኬ! በቀላችንስ?»

«ይኼ ነው በቀሉ» አልኳት። አልገባትም። ተቆጥታ ሄደች፣ ያን ቀን ወተት እንኳ አልሰጠችኝም።

ሠርጉ ደርሷል። የሠራሁትን ሁሉ እንደገና ከዜሮ መሥራት ነበረብኝ፣ ደግሞ ደረቅ ዋንዛ እንደ እርጥብ ዝግባ አይታዘዝም፤ እያንዳንዷን መጋጠሚያ ለምኜ ነው ያስገባሁት። እጄ ተላጠ። ደከመኝ ስል የሃምሳ አለቃን ፈገግታ አስባለሁ፣ ጉልበት ይመጣል። አትታዘቡኝ፣ ፍቅር አይደለም የሠራው፣ ንዴት ነው የሠራው።

ራስጌው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። የመጀመሪያዋ ጅግራ እዚያ አለች፣ የተስፋ ዘመን ሥራዬ፣ አንገቷን አስግጋ ጓደኛዋን የምትጠብቅ። ሁለተኛዋ ፊት ለፊቷ ልትሆን ነበር የተሳለችው። ረጅም ጊዜ አየኋት። ከዚያ ንድፉን ፋቅሁት። ሁለተኛዋን ጅግራ ፊቷን አዙሬ ፈለፈልኳት! ጀርባዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወደ ውጭ የምታይ። «ጠብቄህ ነበር አልሽ አይደል፣ ጥሩወርቅ? በተኛሽ ቁጥር ይቺን እያየሽ ኑሪ!» አልኩ። ነጠብጣቧን አንድ በአንድ፣ ላባዋን አንድ በአንድ፣ በክፋት ሠራኋት። ክፋት ትዕግሥት እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ቫርኒሹን ቀብቼ ስጨርስ ደግሞ ያ የድሮ ነገሬ መጣ። የቀረ ሥራ የለም። ብሩሹን ይዤ ዙሪያውን እዞራለሁ፣ «ገና ነው» የምልበት ቦታ እየፈለግሁ። የለም! አልቋል። እግሬ ሊራገጥ ተነሳ፣ በእውነት ተነሳ፤ ሰባብሬው ብሄድ ማንም አያየው፣ ማንም አይነቅፈው። ከዚያ ሃምሳ አለቃ ያሉት ትዝ አለኝ፣ «አላልኳችሁም?» የሚለው። እግሬን መለስኩ። ብሩሹን አጠብኩና ዳሱ በር ላይ ተቀምጬ ተሸካሚዎቹን ጠበቅሁ።

የጦር ሰፈሩ ሰው ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበ ስለነበር ከየአገሩ ልማድ አንዳንድ እየመዘዘ የራሱን ልማድ ሠርቶ ነበር። የሙሽራ አልጋ በቀን በአደባባይ ተጭኖ በእልልታ ይሄድና የሙሽሪት አባት ግቢ ውስጥ ይዘረጋል። አባትየው ሰው ሁሉ እያየ መጀመሪያ ይቀመጥበታል፣ ይመርቀዋል። በምርቃቱ መጨረሻ ደግሞ የሠራውን እጅ ይመርቃል። ይኼ ካልተባለ አልጋው ልጅ አያሳድግም ይባላል፤ ሴቶቹ እሱን ሳይሰሙ እልል አይሉም።

ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ከፈለኝ አልጋውን ሲያይ ጥርሱ በሙሉ ወጣ። ዞረው፣ ነካው፣ ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ። «ይኼ እኮ ዝግባ አይደለም። እንጨቴስ?»

የምጠብቀው ጥያቄ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ የኋላው ሰው እንዲሰማ። «ያንተ እንጨት እርጥብ ነው፣ ከፈለኝ። በእሱ ብሠራው ፋሲካ ሳይደርስ ይፈርስ ነበር። ይኼ ዋንዛ ለዓመታት ያደረቅሁት ነው፣ ለራሴ ሠርግ። ወስጄልህ አይደለም፣ በእንጨትህ ለውጬ ነው።»

የሃምሳ አለቃ ሁለቱ ጓደኞች ተያዩ። እኔ ወደ ሽማግሌው ዞርኩና በጣም በትህትና ጎንበስ አልኩ። «ፋሲካ ሳይደርስ ይፈርሳል ብለው ነበር አይደል፣ ሃምሳ አለቃ? ይፈትሹት እንጂ።»

ፈተሹት! እግዜር ይስጣቸውና አንድ ቦታ አልቀሩም። ቋሚዎቹን ያዙና ነቀነቁ። ጉልበታቸውን ጭነው ተጫኑት። በከዘራቸው ርብራቡን ደበደቡ። ተንበርክከው ከሥሩ አዩ፣ ካፖርታቸው አቧራ ጠጣ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሥራዬን ሲመረምር ቆሜ አየሁ፣ አልሸሸሁም። ሲነሱ ፊታቸው ቀልቷል። በመጨረሻ ራስጌው ላይ ደረሱና ያገኙ መሰላቸው።

«ይቺ ጅግራ ለምን ወዲያ ታያለች? ፊት ለፊት አይደለም ወይ የሚደረገው?»

ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሃል ነበረች። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። «ጠባቂ ናት፣ ሃምሳ አለቃ። በር በሩን ታያለች» አልኩ። ጥሩወርቅ ዐይኗን ሰበረች። ገባት አልኩ በሆዴ፣ ዋጋዋን አገኘች።

ሃምሳ አለቃ ተቀመጡ። አልጋው ድምፅ አላሰማም። «በተኙበት ሰላም፣ በተነሱበት ሲሳይ፣ ልጅ ይሙላበት» አሉና ሊነሱ ሲሉ እልልታ የለም። አንዲት አሮጊት «የሠሪውስ?» አለች።

«ምን?»

«የሠሪው እጅ ይመረቅ እንጂ!»

ሃምሳ አለቃ ከዘራቸውን ጨበጡ። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ። ሰዉ ይጠብቃል። እኔም ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ጠበቅሁ፣ የተላጠውን እጄን፣ አጠገባቸው ድረስ አስጠግቼ! በጥርሳቸው መሃል፣ ሬት እንደዋጠ ሰው፣ «የሠራው እጅ ይባረክ» አሉ።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ አንዱ። ያ ጠጅ ቤት «በስንት እግር መጣህ?» ያለኝ ሰው ነው፣ ድምፁን አልረሳውም።

«የሠራው እጅ ይባረክ!» ብለው ጮኹ። እልልታው ቀለጠ።

አሜን አልኩ። ኦ አሜን! እንዴት ያለች አሜን ነበረች!

ወደ ዳሴ ስመለስ በደስታ እሰክራለሁ ብዬ ነበር። አልሰከርኩም። ግራሩ ሥር ቆሜ ሳስበው የተዋረዱት ሃምሳ አለቃ ትዝ የሚሉኝ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ ጸጥታ ነበር፣ አልጋው ሳይንቋቋ የቀረበት። እኔ የሠራሁት፣ ያለቀ ነገር። ገባሁና በርጩማዋን አነሳሁ። ሦስተኛውን እግር ተከልኩላት፣ ዓመት ሙሉ ያስቸገረችኝ ሥራ ሻይ ሳይፈላ አለቀች። ለአዴ ሎኮ ሰጠኋት።

ተቀመጠችባት፣ ወዘወዘቻት። «ናጋ ነው፣ ደህና ናት» አለች። ከዚያ ደግሞ «አይሰበርም?» አለች፣ ቅር እያላት።

«አይሰበርም።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። ግን ዱብ ቢል ጥሩ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን፣ ወንበሩን፣ የቁም ሣጥኑን ሁሉ ጨረስኩ። «ጅምሩ» የሚለው ስም ግን አልለቀቀኝም፣ ዛሬም የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ስድብ እንደ ድሮው አይገባኝም። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ሰው ሲያዋርዳችሁ ብርታት ከየት ይመጣል ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምክር አይደለም የሚሰጠው፣ እኔ ምክር ጠግቤ ነበር። አንድ የጀመራችሁት ነገር በየጥጉ ተቀምጦ የለም? መጻፍ የጀመራችሁት፣ መስፋት የጀመራችሁት? በንዴትም ይሁን በቂም ብቻ ጨርሱት፣ ጨርሳችሁም ሰው ፊት አቁሙት። ሰው ሲያንኳኳው እናንተም አብራችሁ ትንኳኳላችሁ፣ ትንኳኩና ትቆማላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ያን ያህል አያምም። እኔ የማውቀው ይኼን ብቻ ነው።

ያ የከፈለኝ ዝግባ ወጋግራዬ ላይ ደርቆ የራሴ የሠርግ አልጋ ሆነ። ደግ ሴት አገባሁ፣ ብዙ ዘመን አብረን ኖርን። ስትሞት የሬሳ ሣጥኗን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ጎረቤት «ተው፣ ሌላ ሰው ይሥራው» ቢለኝ እምቢ አልኩ። እያለቀስኩ ላግሁ፣ እያለቀስኩ መታሁ፣ ግን እስከ መጨረሻው ሚስማር ጨረስኩት። ያ የጥሩወርቅ አልጋ ባይኖር ያን ሣጥን አልጨርሰውም ነበር።

ለቅሶዬ ላይ ጥሩወርቅ መጣች። ሸምግላለች፣ ከፈለኝም ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጧል፣ ጥርሱ አልቋል ሳቁ ግን አለ። አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን ያዘችኝ።

«ያቺ ጅግራ አለች እኮ» አለችኝ። «ከፈለኝ ዶሎ በሄደ ቁጥር፣ መንገዱ ሽፍታ ነው ሲሉኝ፣ መኪናው ወንዝ ገባ ሲሉኝ፣ እሷን ነበር የማየው። በር በሩን ታያለች። ‹ሙላቱ ሹፌር እንደማገባ አውቆ፣ አብራኝ እንድትጠብቅ ብሎ ነው የሠራት› እላለሁ። አባዬም ታሞ እዚያው አልጋ ላይ ሲተኛ በእሷ ይጽናና ነበር። አመስግኜህ አላውቅም፣ ይቅር በለኝ።»

እንዲህ አለችኝ እንግዲህ! ያን ሁሉ ዘመን መኝታ ቤቷ ውስጥ ስድብ ሰቅዬ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ያኔ እርጥቡን እንጨት ሳይ እንደከፈትኩት ከፈትኩና እንደዚያው ዘጋሁት።

«አዎ» አልኳት፣ «አውቄ ነው የሠራኋት።»